ከትከሻ እስከ ተረከዝ

ሻጩ ፊት አትጠይቀኝ፤ እሱ ባለበት ብዙ አልናገርም። አሁን ግን ሁለታችን ብቻ ነን፣ ጠጋ በል። ፒላተስ ሳስተምር፣ ስቱዲዮዎች ማሽን ሲገዙም አብሬ ስመርጥ ዓመታት አልፈዋል። ረጃጅም ሰዎች ሪፎርመር፣ ማለትም ተጋድመህ በሞላ የተያዘ ጋሪ በእግርህ የምትገፋበትን ማሽን፣ ሲገዙ የት ላይ እንደሚሸወዱ አሳምሬ አውቃለሁ።

መጀመሪያ የሚነግሩህ የማሽኑን ርዝመት ነው። እሱ ሳሎንህ መግባቱን እንጂ አንተን መቻሉን አያሳይም። አንተ የምትፈልገው ሁለት ልክ ነው፦ ጋሪው መነሻው ላይ ሳለ ከትከሻ ማገጃው እስከ እግር መርገጫው ያለው ርቀት፣ ከዚያም ጋሪው ሀዲዱ ላይ የሚሄደው መንገድ። ደምራቸው። ድምሩ ከትከሻህ እስከ ተረከዝህ ካለው ካነሰ፣ የቱንም ያህል ቢረክስ ተወው። በእግር ጣትህ ስትገፋ ደግሞ ትረዝማለህና ትርፍ ይኑረው።

ቁመቱ 1 ሜትር ከ95 የሆነ ልጅ ይዤ ሱቅ የሄድኩበት ቀን አይረሳኝም። ማሽኑ ላይ ተጋደመ፤ ጉልበቱ ደረቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። እጄን ከጭራ አጥንቱ ሥር ሰደድኩ፣ ያለ ምንም ችግር አለፈ። ዳሌው ተነስቷል ማለት ነው። ጋሪውን አንድ እርከን ወደ ራስጌ አወጣንለትና ዳሌው ወረደ። "በል ግፋ" አልኩት። እግሩ ገና ሳይዘረጋ ጋሪው ከሀዲዱ ጫፍ ጋር ተላተመ። ከግርጌ የሰጠነውን ከራስጌ ወሰደብን። ሻጩ "ጉልበትን ትንሽ አጥፎ መሥራት ይሻላል" አለው። በጣም ተናደድኩ፤ ሰው ያን ያህል ገንዘብ ከፍሎ ግማሽ እንቅስቃሴ ይዞ እንዴት ይሄዳል?

ለዚህ ነው እግር መርገጫው ራሱ የሚንሸራተትበትን የምወደው። ባላንስድ ቦዲ የተባለው አምራች የሚሠራው አሌግሮ 2 እንዲህ ነው፤ የጋሪው መነሻ ስለማይነካ መንገዱ አያጥርም። ጋሪው የሚወጣበት ማሽን ከሆነ ግን ሞላዎቹ የሚያያዙበት ዘንግም በዚያው ልክ መውጣቱን ጎንበስ ብለህ እይ። ካልወጣ፣ ገና ሳትገፋ ሞላው ተወጥሮ ይጠብቅሃል።

ሞላ በተለጠጠ ቁጥር ይከብዳል፤ ረጅም እግር ደግሞ አርቆ ይለጥጠዋል። ስለዚህ አጠገብህ ያለችው አጭር ሴት በቀላሉ የምትጨርሰው አንተን መጨረሻው ላይ ቢከብድህ አቅም አንሶህ አይደለም። አንድ ሞላ ቀንስ።

ማሽኑ ገመዱ የሚረዝም፣ የትከሻ ማገጃውም ስፋቱ የሚስተካከል ይሁን። ታጥፎ የሚቀመጠውን የቤት ማሽን ሳትለካ አትመን፣ ብዙዎቹ ሀዲዳቸው አጭር ነው። ጋሪው ላይ ቆመህ እጅህን ወደ ላይ የምትዘረጋበት ጊዜ ስላለ የቤትህንም ጣሪያ አስብ።

ልጁ ልኩን ያገኘው ሦስተኛው ሱቅ ነው። ካልሲውን አድርጎ ተጋደመ፣ አሥር ጊዜ ገፋ፣ አሥሩንም ጊዜ ጉልበቱ ተዘረጋ። እኔ ራስጌው ቆሜ ሀዲዱን ሳየው አንድ ስንዝር ተርፏል።