ኮንታክት ሌንስ ወይስ የሌዘር ቀዶ ሕክምና? መነጽሩን ለመተው ያሰበ የሚዛንና የቴፒ ነዋሪ ሊያመዛዝናቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ሚዛን አማን፦ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት በሚዛን አማን፣ በቴፒና በበበቃ አካባቢ የቡና ለቀማ ይደራል። ለቃሚው ቀዩን ፍሬ ከአረንጓዴው ለይቶ መቁረጥ፣ በማድረቂያ አልጋ ዙሪያ የተሰማራው ደግሞ የተበላሸውን ከደህናው መንቀስ ይጠበቅበታል። ሥራው ከዓይን ሥር የሚከናወን በመሆኑ የሩቁን አጥርቶ ማየት የማይችል ሰው ችግሩ ሳይታወቅበት ለዓመታት ሊኖር ይችላል። ጉድለቱ የሚገለጠው ልጁ ከሰሌዳ ላይ ማንበብ ሲሳነው፣ ሾፌሩ ደግሞ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው ጠመዝማዛና ጉማማ መንገድ ላይ ከፊት የሚመጣውን ተሽከርካሪ ዘግይቶ ሲያይ ነው።

መነጽር ያገኘውም ሰው ቢሆን ሌላ ፈተና አለበት። አካባቢው አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ዝናብ የሚያገኝ በመሆኑ መስታወቱ በጠብታ ይሸፈናል፤ ከውጭ ወደ ሞቀ ማዕድ ቤት ሲገባ በእንፋሎት ይደፈናል፤ በቡና ተክል ሥር ሲጎነበሱ ከአፍንጫ ላይ ይንሸራተታል። በመሆኑም መነጽርን ትቶ ኮንታክት ሌንስ ማድረግ ይሻላል ወይስ በሌዘር ቀዶ ሕክምና መገላገል የሚለው ጥያቄ የመልክ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም ከተማሪነቱ ጀምሮ መነጽር የሚያደርግ በመሆኑ ጥያቄውን ለራሱ ደጋግሞ አንስቶታል።

እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የዓይነ ስውርነት፣ የዝቅተኛ ዕይታና የትራኮማ ጥናት ከሕዝቡ 1 ነጥብ 6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3 ነጥብ 7 በመቶው ደግሞ ዝቅተኛ ዕይታ ያለው መሆኑን አመልክቷል። ከዝቅተኛ ዕይታ መንስኤዎች መካከል የዓይን ሞራ በ42 ነጥብ 3 በመቶ ቀዳሚ ሲሆን፣ በመነጽር ሊስተካከል የሚችለው የዕይታ ግድፈት በ33 ነጥብ 4 በመቶ ሁለተኛውን ደረጃ ይዟል። ይህም ማለት ከሦስት ዝቅተኛ ዕይታ ካላቸው ሰዎች አንዱ የሚያስፈልገው መነጽር ብቻ ነበር ማለት ነው። ስለ ሌንስና ስለ ሌዘር መወያየት የሚቻለው ይህን የመጀመሪያ እርምጃ ከተራመዱ በኋላ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ወደ ዓይን የሚገባውን ብርሃን ሰብሮ ወደ አንድ ነጥብ ከሚሰበስበው ኃይል ሁለት ሦስተኛውን የሚሰጠው ኮርኒያ የሚባለው የዓይን ፊተኛው ግልጽ ሽፋን ነው። የዓይን ኳስ ከልኩ በላይ ሲረዝም የሩቅ ምስል በሬቲና ላይ ሳይሆን ከሬቲና ፊት ለፊት ያርፋል፤ የሩቁም ይደበዝዛል። መነጽር ከዓይን ውጭ፣ ኮንታክት ሌንስ በኮርኒያው ላይ ሆነው ስህተቱን ያቃናሉ። ሌዘር ግን የሚለውጠው ኮርኒያውን ራሱን ነው። በአንደኛው ያልተስማማ ሰው ሌንሱን አውልቆ ወደ መነጽሩ ይመለሳል፤ በሌላኛው የተነሳ የኮርኒያ ክፍል ግን ተመልሶ አይተካም።

ኮንታክት ሌንስ አዲስ ነገር አይደለም። አዶልፍ ፊክ የተባሉት ሐኪም ከመስታወት የተሠራውን ሌንስ ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1888 ነበር። ዛሬ በብዛት የሚታወቀውን ለስላሳ ሌንስ በተሳካ ሁኔታ የሠሩት ደግሞ የቼኮዝሎቫኪያው ኬሚስት ኦቶ ቪክተርሌ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የፈረንጆች ገና ሰሞን በቤታቸው ውስጥ ከልጆቻቸው የብረት መገጣጠሚያ መጫወቻና ከብስክሌት ዳይናሞ በሠሩት ማሽን ነበር የመጀመሪያዎቹን ያመረቱት። ከዚያ ወዲህ ሌንሱ አየር ይበልጥ እንዲያሳልፍ ተደርጓል። ኮርኒያ የደም ሥር ስለሌለው ኦክስጂን የሚያገኘው በዋነኛነት በእንባ በኩል ከአየር ነው። በሌንስ ተሸፍኖ የሚያድር ዓይን የሚጎዳውም ከዚሁ የተነሳ ነው።

የሌንሱ ዋነኛ ስጋት የኮርኒያ ኢንፌክሽን ነው። በአሜሪካ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ1989 ይፋ የሆነ ጥናት ለስላሳ ሌንስ ቀን ቀን ብቻ ከሚያደርጉ 10 ሺህ ሰዎች መካከል በዓመት 4 ያህሉ፣ አድርገውት ከሚያድሩት መካከል ደግሞ 20 ያህሉ በኮርኒያ ቁስለት እንደሚያዙ አሳይቷል። በኋላ በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶችም ከዚህ ብዙ ያልራቀ ውጤት አግኝተዋል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የተገኘው የታሸገ የሌንስ ማጠቢያ ፈሳሽ በየመድኃኒት ቤቱ በሚሸጥበትና የዓይን ሐኪም በቅርብ ባለበት አገር መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

በሚዛንና በቴፒ ገጠሮች ያለው ሁኔታ የተለየ ነው። የእጅና የፊት ውኃ ከምንጭ፣ ከወንዝ ወይም ከጣሪያ ከተጠራቀመ ዝናብ ሊመጣ ይችላል። አካንታሜባ የሚባለው በዓይን የማይታይ ተሕዋሲ በወንዝ፣ በሐይቅ፣ በአፈርና በቧንቧ ውኃ ውስጥ ሳይቀር የሚኖር ሲሆን፣ በሌንስና በኮርኒያ መካከል ከገባ ለማከም እጅግ አስቸጋሪና ወራት የሚፈጅ ሕመም ያስከትላል። ራሱን በጠንካራ ቅርፊት ስለሚሸፍን ክሎሪንን ሳይቀር ይቋቋማል። ሌንስ በውኃ መታጠብ የለበትም፤ በምራቅማ ጭራሽ አይታሰብም። ሌንስ እንዳደረጉ ወንዝ መግባትም ሆነ ገላ መታጠብ አይገባም። የቡና መፈልፈያ አቧራና የገለፈት ብናኝ፣ የማገዶ ጭስም ከሌንሱ ሥር ሲገቡ ዓይንን ይቆረቁራሉ፤ ሰው ደግሞ ዓይኑ ሲቆረቁረው ባልታጠበ እጅ ያሸዋል።

የኮርኒያ ቁስለት የሰዓታትና የቀናት ጉዳይ ነው። ሌንስ ያደረገ ሰው ዓይኑ ከቀላ፣ ካመመው፣ ብርሃን ካስጨነቀው ወይም ዕይታው ከደበዘዘ ሌንሱን ወዲያውኑ አውልቆ ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት። ከጫካ ቀበሌ ወደ ሚዛን አማን፣ እንደ ሁኔታውም በሪፈር ወደ ጅማ ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ ከአደጋው ስሌት ውስጥ መግባት ይኖርበታል። ቁስሉ ጠባሳ ትቶ ካለፈ ቀሪው አማራጭ የኮርኒያ ንቅለ ተከላ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ለዚህ የሚውል ኮርኒያ ከሕልፈታቸው በኋላ ከሚለግሱ ሰዎች የሚያሰባስብ ቢሆንም፣ የሚገኘው ከሚፈለገው ያነሰ ነው።

ይህ ሁሉ ሌንስ የማይጠቅም ነው ለማለት አይደለም። በከተማ ለሚኖር፣ ንጹሕ እጅና ሳሙና ለማይቸግረው፣ በየቀኑ ተጠቅሞ የሚጥለውን ዓይነት መግዛት ለሚችል ሰው ጥሩ አገልግሎት ይሰጣል። በሁለቱ ዓይኖቹ ቁጥር መካከል ሰፊ ልዩነት ላለበት ሰውም ከመነጽር ይሻላል።

ሌዘሩን በተመለከተ፣ መነሻው የተገኘው ከዓይን ሕክምና ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካው አይ.ቢ.ኤም ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ትውልደ ሕንዳዊው ራንጋስዋሚ ስሪኒቫሳን ከምስጋና በዓል የተረፈ የተርኪ ዶሮ ቅሪት ወደ ቤተ ሙከራ ወስደው ኤክሳይመር በተባለው ሌዘር ሲሞክሩት ጨረሩ ዙሪያውን ሳያቃጥል በጥራት የሚቀርጽ ሆኖ አገኙት። ከሁለት ዓመት በኋላ የዓይን ሐኪሙ ስቴፈን ትሮክል ከእሳቸው ጋር ሆነው ዘዴው በኮርኒያ ላይ ሊሠራ እንደሚችል አሳዩ።

ላሲክ በሚባለው ዘዴ ሐኪሙ ከኮርኒያው ላይ ስስ ክዳን ቆርጦ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገልጥና በሥሩ ያለውን በሌዘር ቀርጾ ክዳኑን ይመልሳል። ሥራው ለአንድ ዓይን ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን፣ ብዙዎች በማግስቱ አጥርተው ያያሉ። ፒ.አር.ኬ በተባለው ቀደምት ዘዴ ክዳን አይቆረጥም፤ የላይኛው ስስ ቆዳ ተነስቶ ሌዘሩ በቀጥታ ይሠራል። የተነሳው ቆዳ በቀናት ውስጥ ተመልሶ ቢበቅልም እስከዚያው ሕመም አለው፤ ዕይታም እስኪጠራ ሳምንታት ይወስዳል። ስማይል የሚባለው አዲሱ ዘዴ ደግሞ በትንሽ ቀዳዳ ስስ የኮርኒያ ቅርፊት በማውጣት ይከናወናል።

ሐኪሙ ለሁሉም እሺ የማይለው ለምን እንደሆነ በቀላል ሒሳብ መረዳት ይቻላል። የኮርኒያ መካከለኛ ውፍረት በአማካይ 540 ማይክሮን፣ ማለትም ከግማሽ ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። ክዳኑ 110 ማይክሮን ያህል ይወስዳል። ሌዘሩ ለእያንዳንዱ የመነጽር ቁጥር ከ12 እስከ 15 ማይክሮን ያነሳል። ከሥር ቢያንስ 250 ማይክሮን ሳይነካ መቅረት አለበት። ቁጥሩ 6 የሆነና አማካይ ኮርኒያ ያለው ሰው 84 ማይክሮን ቢነሳለት 346 ይቀረዋል። ቁጥሩ 9፣ ኮርኒያው ደግሞ 480 ማይክሮን የሆነ ሰው ግን 126 ሲነሳለት የሚቀረው 244 ብቻ ስለሆነ ላሲክ አይፈቀድለትም። ይህን ልኬት ሳይሠራ፣ የኮርኒያውንም ቅርጽ የሚያሳየውን ካርታ ሳያነሳ ቀጠሮ የሚይዝ ሕክምና ቤት ቢያጋጥም ወጥቶ መሄድ ይመረጣል።

ካርታው የሚፈለግበት አንዱ ምክንያት ኬራቶኮነስ ነው። ይህ ኮርኒያው እየሳሳና እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት እየወጣ የሚሄድበት ሕመም ሲሆን፣ ከዓይን አለርጂና ዓይንን አዘውትሮ ከማሸት ጋር ግንኙነት አለው። ልጅነታቸውን በዓይን ማሳከክ ያሳለፉ ወጣቶች በአገራችን ጥቂት አይደሉም። እንዲህ ያለውን ኮርኒያ በሌዘር ማሳሳት ችግሩን ያባብሰዋል። የሚገርመው፣ ለዚህ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ የተሻለ ዕይታ የሚሰጠው መነጽርም ሌዘርም ሳይሆን ጠንካራው ኮንታክት ሌንስ ነው።

ከዚህ ሌላ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆነ፣ የመነጽራቸው ቁጥር ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያልረጋ፣ ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶች፣ ዓይናቸው በጣም የሚደርቅ ሰዎች ሌዘሩን እንዲያቆዩ ይመከራሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው ጥናት ላሲክ ከተደረገላቸው ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዕይታቸው መርካታቸውን ገልጿል። በዚያው ጥናት ቀድሞ ምንም ምልክት ካልነበረባቸው መካከል እስከ 46 በመቶ የሚደርሱት ከሦስት ወር በኋላ በመብራት ዙሪያ ክበብ እንደ ማየት ያለ አዲስ የዕይታ ምልክት እንዳዩ፣ እስከ 30 በመቶው ደግሞ ዓይናቸው መድረቅ እንደጀመረ ተናግረዋል። በምልክቶቹ ሳቢያ በከፍተኛ ደረጃ የተቸገሩት ከ1 በመቶ በታች ናቸው። ሌሊት የሚያሽከረክር ሰው ሁለቱንም አኃዞች ቢያውቃቸው መልካም ነው።

ለቡና አምራች አካባቢ አንድ ነገር ተለይቶ መነሳት ይኖርበታል። በላሲክ የተቆረጠው ክዳን ቢድንም እንደ ቀድሞው ኮርኒያ አይጠነክርም፤ ከዓመታት በኋላም ቢሆን በኃይለኛ ምት ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። በቡና ቅርንጫፎች መካከል ሲሠራ የሚውል ሰው ዓይኑን በጭራሮ መወጋቱ እንግዳ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው ሌዘር ከመረጠ ስለ ፒ.አር.ኬ ወይም ክዳን ስለሌለው ስለ ስማይል ሐኪሙን መጠየቅ ይገባዋል። ማገገሚያውም ከለቀማውና ከአቧራው ወቅት ውጭ ቢሆን ይመረጣል።

ወጪን በተመለከተ የሌዘሩ ክፍያ በአንድ ጊዜ የሚወጣ በመሆኑ ያስደነግጣል፤ የሌንሱ በየወሩ ስለሚከፈል አይታወቅም። ሌንሱን፣ ፈሳሹንና የክትትሉን ጉዞ ለአሥር ዓመት አባዝቶ ከሌዘሩ ክፍያ፣ ከአዲስ አበባ ማረፊያና ከምርመራ ምልልስ ጋር ማነጻጸር ተገቢ ነው። መነጽርን በዚሁ ስሌት ያስገባ ሰው ግን ከሁለቱም እንደሚረክስ ያገኘዋል።

በአርባዎቹ ዕድሜ ለሚገኙት ሒሳቡ እንደገና ይለወጣል። በዚህ ዕድሜ በዓይን ውስጥ ያለው ተፈጥሯዊ ሌንስ እየጠጠረ ስለሚሄድ የቅርቡን ማንበብ ያስቸግራል። የሩቁ የሚደበዝዝበት ሰው ግን መነጽሩን አውልቆ ማንበብ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ጋዜጣ የሚያነበው እንዲሁ ነው። በሌዘር የሩቁ ቢስተካከልለት የንባብ መነጽር መግዛቱ አይቀርም ነበርና፣ ለጊዜው ዝናቡን ታግሦ በነበረው መቀጠልን መርጧል። አንዱን ዓይን ለሩቅ፣ ሌላውን ለቅርብ አድርጎ ማስተካከልም ይቻላል። አእምሮ ይህን መልመድ አለመልመዱን ግን አስቀድሞ በኮንታክት ሌንስ ሞክሮ ማየት ያስፈልጋል።

የደበዘዘ ሁሉ የመነጽር ጉዳይ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። በወረቀት ላይ በመርፌ ቀዳዳ አበጅቶ በአንድ ዓይን ሲመለከቱ የሩቁ ከጠራ ችግሩ የዕይታ ግድፈት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ካልጠራ ሌላ መንስኤ ሊኖር ይችላል። ከፋ፣ ሸካና ቤንች ፈጣን ወንዞች የሚበዙባቸው፣ በጥቁር ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ኦንኮሰርኪያሲስም ለረጅም ዘመን የቆየባቸው አካባቢዎች ናቸው። ሕመሙ በአገራችን ይበልጥ የሚታወቀው ቆዳን በማሳከክ ቢሆንም ዓይንንም ሊጎዳ ይችላል። ሌዘር የረዘመውን የዓይን ኳስ ስለማያሳጥርም ቁጥሩ ከፍተኛ የነበረ ሰው የሬቲና መላቀቅ ስጋት ከሌዘሩ በኋላም አብሮት ይኖራል። ድንገት ብልጭታ፣ የሚንሳፈፉ ነጠብጣቦች ወይም የመጋረጃ ያህል ጥላ ያየ ሰው በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

ሌዘሩን መርጦ ከሚዛን ለሚነሳ ሰው አንድ የጉዞ ማሳሰቢያ አለ። ኮንታክት ሌንስ የኮርኒያውን ቅርጽ ለጊዜው ስለሚለውጥ፣ ለስላሳው ከምርመራው በፊት ቢያንስ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፣ ጠንካራው ደግሞ ሦስትና አራት ሳምንት ቀድሞ መውለቅ ይኖርበታል። ሌንሱን እንዳደረገ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ የደረሰ ሰው ልኬቱ ሳይወሰድለት ሌላ ቀጠሮ ተሰጥቶት ሊመለስ ይችላል።