ዋልካ፤ የሚያብጥና የሚሰነጠቅ አፈር

ነሐሴ ላይ የበቾን ሜዳ በእግሩ ያቋረጠ ሰው ዋልካን ያውቀዋል። ጭቃው ጫማ ላይ ይጣበቃል፤ በየእርምጃው ሌላ ይደርባል፤ በመጨረሻ ጫማ አስወልቆ በባዶ እግር ያስኬዳል። ያው ሰው የካቲት ላይ ቢመለስ የሚጠብቀው እንደ ድንጋይ የደረቀ መሬት ነው። ስንጥቁ የከብት እግር ይይዛል፤ ዱላ ቢሰዱበት ግማሹን ይውጣል።

በደጋው ያለው ዋልካ በአብዛኛው የባዛልት ልጅ ነው። እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ በውሃና በሙቀት ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲፈርስ ሞንትሞሪሎናይት የሚባል የሸክላ ማዕድን ይፈጠራል። አንዱ የሸክላ ቅንጣት ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ በዓይን አይታይም። ውስጡ ግን በመሶብ እንደተደራረበ እንጀራ ስስ ስስ ንጣፎች አሉት። ዝናብ ሲመጣ ውሃው በንጣፎቹ መካከል ይገባና ያራርቃቸዋል፤ አፈሩ ያብጣል። ሲደርቅ ንጣፎቹ ይጠጋጋሉ፤ መሬቱ ይሰነጠቃል።

በበጋ ከላይ ያለው ብናኝ ወደ ስንጥቁ ይወድቃል። ክረምት ሲገባ የታችኛው አፈር ሲያብጥ ቦታ ያጣና ወደ ጎንና ወደ ላይ ይገፋል። አፈሩ ራሱን ያርሳል ቢባል ያስኬዳል። ሳይንሱ ቨርቲሶል ያለውም “መገልበጥ” ከሚል የላቲን ቃል ወስዶ ነው። በዋልካ ላይ መሠረቱ ሳይጠልቅ የተሠራ ቤት ግድግዳው የሚሰነጠቀው፣ አስፋልቱም የሚጎብጠው በዚሁ ግፊት ነው።

ጥቁር አፈር ሁሉ ለም ይመስለናል። ጥቁሩን ዋልካ ውሃና ማዕድን በመያዝ የሚስተካከለው ጥቂት ነው፤ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ግን ብዙ ጊዜ ያንሰዋል። ትልቁ ችግሩ ደግሞ ክረምት ላይ ውሃ መቋጠሩ ነው፤ ሥር አየር ያጣል፣ ሰብሉ ቢጫ ይሆናል። የእነዋሪ አካባቢ ገበሬ ይህን አውቆ፣ ከነቤተሰቡ አፈሩን በእጁ እያፈሰ ከፍ ያለ መደብና የውሃ መውረጃ ቦይ ይሠራል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች ሁለት ማረሻ አጣምረው በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ የሠሩት ይህንኑ የእጅ ድካም ለማቅለል ነበር። የአፈር ትምህርት ከእነዋሪ መደብ ቢጀምር ልጆቻችን ቶሎ የሚገባቸው ይመስለኛል።

ሌላው የገበሬው ብልሃት ሽምብራ ነው። ዝናቡ ሊወጣ ሲል ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ይዘራል፤ ከዚያ ወዲያ ዋልካው የቋጠረውን ውሃ ሥሩን ወደ ታች እየሰደደ ይጠጣል። የጎደለውን ናይትሮጅን ደግሞ ሥሩ ላይ ባሉ እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአየር ወስደው ይመግቡታል።

ባክቴሪያዎቹ እየሠሩ መሆናቸውን ለማወቅ ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። ሽምብራው ሲያብብ የማሳውን ባለቤት አስፈቅዳችሁ አንዱን ተክል ከነአፈሩ በዶማ አውጡ። አትንቀሉት፤ ዋልካው ሥሩን ይዞ ያስቀረዋል። በባልዲ ውሃ ዘፍዝፋችሁ ቀስ ብላችሁ እጠቡት። ሥሩ ላይ ያሉትን እባጮች በጥፍራችሁ ክፈሉ። ውስጣቸው ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያዎቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ ቀለሙ የሚመጣው በደማችን ኦክስጅን ከሚሸከመው ጋር ከሚዛመድ፣ ብረት ካዘለ ፕሮቲን ነው። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ሥራቸውን ጨርሰዋል።