ያውቁ ኖሯል? እስራኤልን «አጠፋሁ» ያለው ፈርዖን
ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ «እስራኤል» የሚለው ስም ሰፍሮ ይገኝበታል የሚባለው፣ አብዛኞቹ ሊቃውንት የሚስማሙበት የመጀመሪያው ጽሑፍ የተገኘው ግብፅ ውስጥ ነው። የዳግማዊ ራምሴስ ልጅ ፈርዖን መርነፕታህ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1208 ገደማ ያስቀረጸው የድል ሐውልት ሲሆን፣ ፍሊንደርስ ፔትሪ የተባለው እንግሊዛዊ የከርሰ ምድር ጥናት ባለሙያ በ1896 እ.ኤ.አ. በዛሬዋ ሉክሶር አገኘው። ቁመቱ ከ3 ሜትር ያልፋል። ድንጋዩ እንኳ የራሱ አልነበረም፤ የሣልሳዊ አሜንሆቴፕን ሐውልት ገልብጦ በጀርባው ነው ያስጻፈው።

ከ28ቱ መስመሮች አብዛኞቹ የሚያወሩት በሊቢያውያን ላይ ስለተገኘው ድል ነው። እስራኤል የምትነሳው መጨረሻው ላይ፣ ከከነዓን ከተሞች ከአስቀሎና፣ ከጌዝርና ከያኖአም ቀጥሎ ነው። ጸሐፊው ከሦስቱ ከተሞች ስም አጠገብ የባዕድ አገር ምልክት ሲያደርግ፣ ከእስራኤል አጠገብ ግን የተቀመጡ ወንድና ሴት ቀርጾ ከሥራቸው ሦስት ጭረት አሰመረ፤ ይህም የሕዝብ ምልክት ነው። ብዙዎች እስራኤል ያኔ ከተማም መንግሥትም ያልነበራት ሕዝብ እንደነበረች የሚገምቱት ከዚህ ተነስተው ነው።

ፈርዖኑ ዘሯን እንዳጠፋ ይፎክራል። በፉከራ የሚታማ ፈርዖን ደግሞ የለም! በዚያው ዘመን ገደማ ግን ብዙ ሊቃውንት ከእስራኤል ጋር የሚያያይዟቸው ትናንሽ መንደሮች በከነዓን ደጋ እየበዙ ነበር፤ ሸክላቸው የከነዓናውያንን ይመስላል፣ ከቆሻሻ መጣያቸው ግን የአሳማ አጥንት እምብዛም አይገኝም። ስለ ሙሴና ስለ ዘፀአት ድንጋዩ ትንፍሽ አይልም።