ስንት ሄክታር? በየትኛው ወር?

እምቦጭን ከውሃ ነቅሎ በእጁ የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው የግንዱ ቅለት ነው። የቅጠሉ አንገት እንደ ሎሚ አብጦ ይወጣል፤ በጣት ሲጫኑት ስፖንጅ ስፖንጅ ይላል፤ ውስጡ አየር ነው። ከታች እንደ ላባ የተበተነ ጥቁር ሥር ይንጠለጠላል። ሥሩ ጭቃ መያዝ አያስፈልገውም፤ ምግቡን በቀጥታ ከውሃው ይጠባል። አበባው ወይን ጠጅ ሲሆን አንደኛው ቅጠሉ መሐል ላይ ቢጫ ነጥብ አለችበት። ያምራል። ከትውልድ ቦታው ከደቡብ አሜሪካ አውጥቶ ዓለምን ያዞረውም ይኸው ውበቱ ነው፤ ሰዎች ለጓሮ ኩሬያቸው ጌጥ እያሉ ከአገር አገር ወሰዱት።

ጣና ላይ በይፋ ከታወቀ ከእ.ኤ.አ. 2011 ወዲህ ሕዝብ በነቂስ ወጥቶ ነቅሎታል፣ ማሽን ተገዝቶለታል፣ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራምረውበታል፣ መንግሥት ዘመቻ አውጆበታል። ያም ሆኖ «ለምን አላለቀም?» የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ይነሳል፣ ጥር ላይ ይረሳል። የጥር መርሳት የችግሩ አንድ አካል ነው ብዬ አምናለሁ። እንዴት እንደሆነ ለማየት ግን ወደ ኋላ መመለስ ይኖርብናል።

እምቦጭ ወደ ዓባይ ተፋሰስ የገባው በታችኛው ጫፍ ነው። በግብጽ በኬዲቭ ተውፊቅ ዘመን፣ ማለትም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ለጌጥ ተተከለ። እ.ኤ.አ. በ1958 ሱዳን ውስጥ በነጭ ዓባይ ላይ ታየ። በእኛ አገር ከዓባይ ተፋሰስ ውጭ፣ በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ኡጋንዳ ውስጥ ኪዮጋ ሐይቅንና ቪክቶሪያን ያዘ፤ ወደ ቪክቶሪያ የካጌራ ወንዝ ከሩዋንዳ በኩል እያግበሰበሰ ያመጣው ነበር። ጣና የደረሰው ከሁሉም ዘግይቶ ነው። አሥራ አንድ አገሮች በሚጋሩት ተፋሰስ ውስጥ ይህ አረም ያልነካው አገር ጥቂት ነው። በመገናኛ ብዙኃናችን «ዓባይ» ሲባል ግን ግድብ፣ ድርድርና የውሃ ድርሻ ብቻ ነው የሚመጣው። በቪክቶሪያ ዳርቻ ኪሱሙ ላይ ያለ ኬንያዊ ጋዜጠኛና ባሕር ዳር ላይ ያለ ኢትዮጵያዊ ጋዜጠኛ አንዱ የሌላውን ሳያነብ አንድ ዓይነት ታሪክ ሲጽፉ ዓመታት አልፈዋል።

ጣና ለምን ተመቸው? ሐይቁ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም ጥልቀት የለውም፤ ከ15 ሜትር አይበልጥም፤ ዳርቻው ደግሞ ሰው ቆሞ የሚሄድበት ነው። ወደ ሐይቁ ከሚገባው የወንዝ ውሃ ከ90 በመቶ በላይ የሚያመጡት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው። እነዚህን ወንዞች ሐምሌ ላይ በድልድይ ላይ ቆሞ ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አይፈልግም፤ የሚወርደው ውሃ ቡና ይመስላል። ከጉና ተራራ ግርጌ፣ ከጎንደር ዙሪያ፣ ከደቡብ ጎንደር ገደሎች የታጠበ የእርሻ አፈር ነው። ከአፈሩ ጋር ዳፕና ዩሪያ ይወርዳል። የፎገራና የደንቢያ ሜዳ የሩዝና የአትክልት ማሳ ሐይቁን ተጠግቶ ይታረሳል፤ ከከተማም ፍሳሽ ይጨመራል። ይህ ሁሉ ለእምቦጭ የተዘረጋ ማዕድ ነው። ቀድሞ ይህን ደለልና ማዳበሪያ አጣርቶ ያስቀር የነበረው የዳርቻው ደንገልና ረግረግ ደግሞ ብዙው ታርሷል፣ ታጭዷል። አረሙ መጀመሪያ የታየው በሰሜኑ ዳርቻ በመገጭ መግቢያ አካባቢ መሆኑ፣ ቀጥሎም በምሥራቁ ዳርቻ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል መስፋቱ ከወንዞቹ ጋር ያለውን ዝምድና ይናገራል።

የሚጎዳውም እዚያው ዳርቻ የሚኖረውን ሰው ነው። ታንኳ በአረሙ ውስጥ አይቀዝፍም። ቀረሶና አምባዛ የሚያጠምደው ሰው መረቡን መጣል ያቅተዋል። ከጣና በቀር በዓለም የትም የማይገኙት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ለመራባት የሚያልፉበትን የወንዝ አፍ አረሙ ይዘጋዋል። ከብት የሚጠጣበት ይጠፋል። ነቃዩ ገበሬ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በባዶ እጁ ሲጎትት ይውላል፤ አልቅት ይጣበቅበታል፣ ቆዳው ያሳክከዋል፣ ለቢልሃርዚያም ይጋለጣል። ይህ ሰው በዜና ላይ «የአካባቢው ነዋሪ» ተብሎ የሚታለፈው ሰው ነው፤ የአረሙን ባሕርይ ግን ከማንኛችንም በላይ ያውቃል።

አሁን ወደ ወራቱ እንምጣ፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። ጣና የሚሞላው መስከረም ግድም ነው። ውሃው ሲሞላ ወደ ሜዳው ይገባል፤ እምቦጩም ከመስከረም እስከ ኅዳር ይንሰራፋል። ከዚያ ውሃው መሸሽ ይጀምራል። ሐይቁ ሲያፈገፍግ ዳር ላይ የቀረው አረም በፀሐይ ይደርቃል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ማንም ባይነካውም ሽፋኑ በጣም ይቀንሳል። እንግዲህ ጥቅምት ላይ የተለካን ሄክታር ከመጋቢት ሄክታር ጋር አስተያይቶ «ይህን ያህል በመቶው ተወግዷል» ማለት የሞላውን ሐይቅ ከሸሸው ሐይቅ ጋር ማወዳደር ነው። ይህን ዓይነት ዜና ስንት ጊዜ ሰምተናል! የዘመቻው ሪፖርት ይመጣል፣ የተሳታፊው ቁጥር ይነገራል፣ ነጻ የወጣው ሄክታር ይጠቀሳል፤ በቀጣዩ ዓመት በዚያው ቦታ፣ በዚያው ወር፣ ያው ዜና። «ስንት ሄክታር?» ብሎ የጠየቀ ጋዜጠኛ ግማሽ ሥራውን ሠርቷል። «በየትኛው ወር? አምና በዚህ ወር ስንት ነበር?» ሲል ነው ሌላው ግማሽ የሚሟላው።

ይህን ለማጣራት ዛሬ ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም። ሴንቲኔል ሁለት የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በጥቂት ቀናት ልዩነት በጣና ላይ ያልፋሉ፤ ምስላቸው ለማንም ክፍት ነው፤ እያንዳንዷ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ያህል መሬት ታሳያለች። እርግጥ ነው፣ ክረምት ላይ ደመና ይጋርዳል፤ ከላይ ሲታይም የእምቦጩ አረንጓዴ ከደንገሉና ከሩዙ አረንጓዴ ጋር ይምታታል። ስለዚህ ከታች የሚያረጋግጥ ሰው ያስፈልጋል፤ ዳርቻው ላይ የሚኖር፣ ስልክ የያዘ፣ በየሳምንቱ ከአንድ ቦታ ቆሞ ፎቶ የሚያነሳ ወጣት። በተለይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት ለሠራተኛም ለጋዜጠኛም ወደ ዳርቻው መድረስ በከበደበት ጊዜ፣ እንዲህ ያለ ሰው ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

ወጣቶች ለጣና ያላቸውን ስሜት ማንም አይጠራጠርም። ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከኦሮሚያ ከ200 በላይ ወጣቶች «ጣና ኬኛ»፣ ማለትም «ጣና የእኛ ነው» ብለው ወደ ባሕር ዳር ሲመጡ፣ ለአረሙ ማጭድ ብቻ አልነበረም ይዘው የመጡት፤ በዚያ ውጥረት በነበረበት ዓመት የሁለት ክልል ሕዝብ አንድ ሐይቅ የኔ ነው ሲል አገሩ ሁሉ ሰማ። በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ገንዘብ አዋጥተው የማጨጃ ማሽን ልከዋል። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ የፌዴራል መንግሥቱ ያለበት የአንድ ወር ዘመቻ ተጀመረ፤ በዚያው ወር ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት ፈነዳ፤ የአገሩ ዓይንም የአገሩ ገንዘብም ወደዚያ ዞረ።

ፍቅሩ እውነተኛ ነበር። ችግሩ የዘመቻ ጠባይ ነው። ዘመቻ አንድ ወር ነው፤ የእምቦጭ ዘር ግን ደለል ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ይቆያል። የተነቀለው አረም ዳር ላይ ተከምሮ ይተዋል፤ ክምሩ ዘሩን እዚያው ያራግፋል፣ በቀጣዩ ክረምት የሚሞላው ውሃም ያልደረቀውን መልሶ ይወስደዋል። ማሽኑ ነዳጅ፣ መለዋወጫና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል፤ አረሙ ጥቅጥቅ ባለበት ጭቃማ ዳርቻ ደግሞ መግባት ያቅተዋል።

ቪክቶሪያ ላይ የሆነውን ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ኡጋንዳ፣ ቀጥላም ኬንያ፣ ከእምቦጭ በቀር በሌላ ተክል ላይ ተባዝቶ መኖር የማይችል ጥቃቅን ጢንዚዛ ለቀቁበት። ጢንዚዛው ቅጠሉን ይግጣል፣ እጩ ግንዱን ይቦረቡራል፤ አየር የያዘው ስፖንጅ ውሃ ይገባበትና ተክሉ ይሰጥማል። በ1990ዎቹ ማብቂያ የአረሙ ሽፋን በእጅጉ ወረደ። የእ.ኤ.አ. 1997 እና 1998 የኤልኒኞ ማዕበል ምን ያህል እንዳገዘ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን፣ ከባድ ዝናብ ደለል ባወረደ ጊዜ፣ አረሙ ተመለሰ። ይህን ጢንዚዛ የእኛም ተመራማሪዎች ከኡጋንዳ አምጥተው በምርምር ጣቢያ ፈትሸውታል። ጣና ከቪክቶሪያ በ650 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ብርዱ ይበረታል፤ ነፍሳቱ በዚያው ፍጥነት ላይሠሩ ይችላሉ። ቢሠሩም በዓመታት እንጂ በወራት አይደለም። የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ከላይ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ እስካልቀነሰ ድረስ ማዕዱ እንደተዘረጋ ነው።

«አረሙን ወደ ገንዘብ እንቀይረው» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ በሁለቱም ሐይቆች ዙሪያ ብዙ ወጣቶችን ስቧል። ኪሱሙ አጠገብ ዱንጋ በሚባለው የዓሣ አጥማጆች ዳርቻ እምቦጭ ወደ ባዮጋዝ ተቀይሮ ወጥ ሠርቷል። የደረቀ ግንዱ ተጎንጉኖ ወንበርና ቅርጫት ይሆናል። ጣና ዳር ይህ የእጅ ጥበብ ከውጭ መምጣት አያስፈልገውም፤ የነገደ ወይጦ ሰዎች ደንገል እየጎነጎኑ ታንኳና ቅርጫት ሲሠሩ ትውልዶች አልፈዋል። የውሃ ተክል መቼ እንደሚታጨድ፣ እንዴት እንደሚደርቅ፣ የቱ ጋ እንደሚሰበር የሚያውቁ ሰዎች ሐይቁ ዳር አሉ፤ ሥልጠና ሲዘጋጅ አሠልጣኝ ሆነው የተጋበዙበት ጊዜ ግን ብዙም አይሰማም።

ሒሳቡ ግን ከባድ ነው፤ ለወጣቶቹም በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል። ከእምቦጭ ክብደት ከ90 በመቶ በላዩ ውሃ ነው። ሃምሳ ኩንታል እርጥብ አረም በአይሱዙ የጫነ ማኅበር ከአርባ አምስት ኩንታል በላይ ውሃ በነዳጅ እያጓጓዘ ነው። ስለዚህ ሥራው ያዋጣ እንደሆነ የሚያዋጣው እዚያው ዳርቻው ላይ ነው፤ እዚያው አድርቆ፣ እዚያው ኮምፖስት አድርጎ፣ በጋሪ መንገድ ለሚደርስ ማሳ መሸጥ። ኮምፖስቱም በደንብ ካልጋለ ዘሩ አይሞትም፤ ያኔ ወጣቱ ማዳበሪያ እየሸጠ እምቦጭ ያከፋፍላል። ተክሉ ከውሃ ውስጥ ከባድ ብረቶችን የመምጠጥ ጠባይ ስላለውም ለከብት መኖ ከመሰጠቱ በፊት መመርመር አለበት።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ሌላ ነው። እምቦጭ የሚሸጥ ድርጅት እምቦጭ ካለቀ ይዘጋል። ወጣቱን በኪሎ የምንከፍለው ከሆነ በተዘዋዋሪ አረሙ እንዲኖር እየከፈልነው ነው። በበኩሌ ክፍያው ንጹሕ ሆኖ ለዋለ ዳርቻ ቢሆን እመርጣለሁ፤ አንድ የወጣቶች ማኅበር የታወቀ ርዝመት ያለው ዳርቻ ተረክቦ፣ ዓመቱን ሙሉ አጽድቶ፣ ከላይ በሳተላይት ከታች በፎቶ ተረጋግጦለት ይከፈለው። ከአረሙ የሚሸጠው ነገር ተጨማሪ ገቢ ይሁንለት። ማረጋገጫውን ለሕዝብ የሚያወጣው ደግሞ ጋዜጠኛው ነው። ቁጥሩ አደባባይ ካልወጣ ክፍያው የሪፖርት ክፍያ ሆኖ ይቀራል።

የካቲትና መጋቢት ላይ ውሃው ሲሸሽ ፎገራና ደንቢያ ላይ ገበሬው ሐይቁን ተከትሎ ይወርዳል። ከውሃ የወጣውን ጥቁር መሬት ባሕር ሸሽ ይሉታል፤ እርጥበቱ ሳይጠፋ ይዘሩበታል። የእምቦጩ ዘርም በዚያው ጭቃ ውስጥ ነው። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጀምርና ውሃው መመለስ ሲይዝ፣ ከጭቃው ጥፍር የሚያህሉ አረንጓዴ ቡቃያዎች ብቅ ይላሉ። ያን ጊዜ አንድ ልጅ በአንድ እጁ እፍኝ እፍኝ አድርጎ ሊለቅማቸው ይችላል። ገበሬው ግን ያን ጊዜ ጊዜ የለውም፤ ሩዙን እያዘጋጀ ነው፣ በሬው ከእርሻ አልተፈታም። ባለሥልጣን አይመጣም፣ ካሜራም የለም፤ የዘመቻው ወር ገና ነው። ሥራ ያጣው ወጣት ግን ሰኔም ሐምሌም እዚያው ዳርቻ አለ።