ከአማኑኤል እስከ ጤና ጣቢያ፦ የአእምሮ ሕክምና በጉራጌ

የቤተሰብ ሐኪም የሚባለው አንድን ቤተሰብ ለዓመታት የሚያውቅ፣ የልጁን ክትባትም የአያቱን ደም ግፊትም የሚከታተል፣ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚያማክረው ባለሙያ ነው። በዚህ አደረጃጀት በሚሠሩ አገሮች ድባቴና ጭንቀት በአብዛኛው የሚታወቁትም የሚታከሙትም በእሱ ዘንድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የቤተሰብ ሐኪሞች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 በጋራ ባወጡት ሪፖርት የአእምሮ ሕክምና ከመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት ጋር እንዲዋሃድ ጠይቀዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን በቤተሰብ ሕክምና የሠለጠነ ሐኪም እጅግ ጥቂት ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ የስፔሻሊቲ ሥልጠና የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። በጉራጌ ከተሞች በአገና፣ በቡኢ ወይም በቡታጅራ ጥያቄው የሚነሳው በሌላ መልክ ነው፤ የቤተሰብ ሐኪሙን ሥራ ማን ይሠራል?

በመንግሥት አወቃቀር መሠረት የገጠር ነዋሪ መጀመሪያ የሚደርሰው 5,000 ለሚሆን ሕዝብ በተቋቋመ ጤና ኬላ ነው። ከዚያ በላይ 25,000 ሕዝብ የሚያገለግል ጤና ጣቢያ አለ፤ ቀጥሎ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ይመጣል። የእዣ ወረዳ ነዋሪ አገና ላይ የሚያገኘው አገልግሎት ከዚህ መዋቅር የሚወጣ ነው፤ ከዚያ የባሰ ሲሆን ወልቂጤ፣ አልፎም አዲስ አበባ ይላካል። በጤና ኬላዋ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ለቤት ትዞራለች፣ የየቤቱን ጤና በቤተሰብ ማህደር ትመዘግባለች፣ ማን እንደወለደች፣ ማን ከሰው እንደራቀ ታውቃለች። ጤና ጣቢያው ውስጥ ደግሞ ጤና መኮንንና ነርስ አሉ። የቤተሰብ ሐኪም ሥራ በነዚህ ሰዎች መካከል ተከፋፍሎ ይገኛል።

የአእምሮ ሕክምና ወደዚህ መዋቅር የገባው ዘግይቶ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ከጉራጌ ገጠር የተነሳ ቤተሰብ በሽተኛውን ይዞ አዲስ አበባ ድረስ መጓዝ፣ ማደሪያ መፈለግ፣ ለመድኃኒት ደግሞ ተመላልሶ መምጣት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የአእምሮ ነርሶችን ማሠልጠን ሲጀመር አገልግሎቱ ከመዲናዋ መውጣት ቻለ፤ ቡታጅራ ሆስፒታልም በኋላ በአእምሮ ነርሶች የሚመራ ክፍል አገኘ።

ቡታጅራ በዚህ ታሪክ ውስጥ የተለየ ቦታ አላት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአካባቢው 10 ቀበሌዎች ውስጥ ልደትና ሞትን በተከታታይ የሚመዘግብ የጤና ጥናት ጣቢያ አቋቋመ። ቀጥሎም ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው የአእምሮ ጤናን በዚያው ሕዝብ መካከል ማጥናት ጀመሩ። ከ10,000 በላይ ጎልማሶችን ባካተተው የመጀመሪያው ሰፊ ጥናታቸው ከተጠየቁት 17 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጭንቀት ምልክት ታይቶባቸዋል፤ ግማሽ ያህሉ በጊዜው ጫት ይቅሙ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2001 ደግሞ በቡታጅራ ዙሪያ ባለው መስቃንና ማረቆ 68,378 ሰዎች ተዳስሰው ከ1,000 ሰዎች 5 ያህሉ የስኪዞፍሬንያ ሕመም እንዳለባቸው ታወቀ። ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር።

ከሁሉም የሚያስደነግጠው ግን በኋላ የመጣው ውጤት ነው። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለ10 ዓመት ሲከታተሏቸው 121ዱ ሞቱ። ሲሰላ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር 30 ዓመት ገደማ ዕድሜ አጥተዋል፤ ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉን የገደለው ደግሞ ተላላፊ በሽታ ነው። ከእነዚህ ተላላፊ በሽታዎች ብዙዎቹ በጤና ጣቢያ ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው። የአእምሮ ሕመምተኛን ከተራው ሕክምና ለይቶ ማኖር ሕይወት እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ሳንባውንና አእምሮውን በአንድ ጊዜ የሚያይ ባለሙያ የሚፈለገውም ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው ፕራይም የተባለው የአምስት አገሮች መርሐ ግብር የአእምሮ ሕክምናን በጤና ጣቢያ መስጠትን ለመሞከር በኢትዮጵያ የጉራጌውን ሶዶ ወረዳ መረጠ። ወረዳው 160,000 ያህል ሕዝብ ያለው ሲሆን ከዚያ በፊት የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥበት ተቋም አልነበረውም። የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ሠለጠኑ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሕመምተኞችን ለይተው እንዲልኩ ተደረገ፣ መድኃኒት ቀረበ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች 81 በመቶው አገልግሎቱን ቢያንስ አንድ ጊዜ አገኙ። ክትትል ከተደረገላቸው መካከል በዓመት ውስጥ የታሰሩት፣ ማለትም በሰንሰለት የተያዙት ወይም ቤት ተዘግቶባቸው የቆዩት፣ ከ4 ሰዎች 1 ገደማ የነበሩት ከ10 ሰዎች ወደ 1 ገደማ ወረዱ። ቤተሰብ በሽተኛውን የሚያስረው ሌላ አማራጭ ሲያጣ እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር ነው።

ቀጥሎ የተነሳው ጥርጣሬ የጥራት ጉዳይ ነበር፤ ጤና መኮንንና ነርስ የሚሰጡት ሕክምና የአእምሮ ነርስ ከሚሰጠው ያንሳል ወይ? ለዚህ መልስ የፈለገው ጥናት 329 ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ከፊሎቹ በየአቅራቢያቸው ጤና ጣቢያ፣ ከፊሎቹ በአእምሮ ነርሶች እንዲታከሙ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ውጤት በጤና ጣቢያ የታከሙት ወደ ኋላ እንዳልቀሩ አሳይቷል። በሌላ ጥናት ደግሞ ሠልጥነው ቤት ለቤት የሚሄዱ የአካባቢ ሰዎች ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ሰዎች ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ኑሮ ለመመለስ ረድተዋል።

ድባቴ ላይ ሲደረስ ታሪኩ ይለወጣል። በሶዶ ጤና ጣቢያዎች ከሥልጠናውም በኋላ አብዛኞቹ ድባቴ ያለባቸው ታካሚዎች ሳይለዩ ይመለሱ ነበር። አእምሮውን የሳተ ወይም ልብሱን የጣለ ሰው ለጎረቤትም ግልጽ ነው፤ ድባቴ ያለባት እናት ግን «ጨጓራዬ ነው»፣ «ራሴን ያመኛል»፣ «ወገቤን» ብላ ነው የምትመጣው። ባለሙያው በሰልፍ የሚጠብቁትን እያየ የጨጓራ መድኃኒት ጽፎ ይሸኛታል። በሚቀጥለው ወር ስትመለስ ሌላ ባለሙያ ታገኛለች፣ ለሦስተኛ ጊዜ ያለ ምክንያት መምጣቷን ልብ የሚል የለም። ያው ሰው ቢያያት ሊጠይቃት ይችል ነበር፦ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ከቤት ምን አለ? የቤተሰብ ሐኪምነት ዋና ጥቅም ይህ ተከታታይ ትውውቅ ነው፤ በሥልጠና ብቻ የማይተካውም እሱ ነው።

ጉዳዩ ከእናቲቱ አያበቃም። በቡታጅራ ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን ተከታትሎ የተደረገ ጥናት በእርግዝና ጊዜ የመንፈስ ጭንቀት የነበረባቸው ሴቶች ምጣቸው የረዘመ፣ ጡት ማጥባት የጀመሩትም ዘግይተው እንደሆነ አግኝቷል፤ ከወሊድ በፊትም በኋላም ጭንቀቱ የቀጠለባቸው እናቶች ሕፃናት ደግሞ ተቅማጥ ይበዛባቸዋል። የእርግዝና ክትትልና የክትባት ቀን ስለዚህ ድባቴን ለመጠየቅ የተመቸ አጋጣሚ ነው፤ እናቲቱ ለሌላ ጉዳይ ስለመጣች ሰው የሚያወራው ነገር የለም።

የአእምሮ ጽናት ከክኒን ብቻ አይገኝም፤ ጤና ጣቢያው ፍሉኦክሴቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን ቢሰጥም ሰውየው የሚቆመው በዙሪያው ባለው ሕይወት ነው። በጉራጌ ይህ ሕይወት የራሱ ጥንካሬና የራሱ ጭንቀት አለው። ዕድር ሐዘንተኛን ብቻውን አይተውም፣ መስቀል የተበተነውን ቤተሰብ ይሰበስባል፣ ሽማግሌ ጠብን ያበርዳል። በዚያው ልክ ወንዶች ለንግድ ከተማ ሲቀሩ የእንሰቱም የልጆቹም ሸክም በሚስት ላይ ይወድቃል፤ ለመስቀል ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ኀፍረት ያስጨንቀዋል፤ ጫትም ከቀን ሥራ አልፎ እንቅልፍን ይነሣል። አካባቢውን የሚያውቅ ባለሙያ የትኛው እንደሚደግፍ፣ የትኛው እንደሚጎዳ ይለያል። ጸበልን ወይም ዱዓን ከመቃወም ይልቅ መድኃኒቱ ከእምነቱ ጋር እንዲወሰድ መነጋገርም ከዚሁ ሙያ ይቆጠራል።

እንቅፋቶቹ የታወቁ ናቸው። የሠለጠነ ባለሙያ ይዛወራል፣ አዲሱ ሥልጠና አልወሰደም። ክሎርፕሮማዚን ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት አንድ ወር ሲቋረጥ ተሽሎት የነበረ ሰው ያገረሽበታል፣ ቤተሰቡም በጤና ጣቢያው ላይ የነበረው እምነት ይጠፋል። የአእምሮ ነርስ ለክትትል ካልመጣ የጤና መኮንኑ ድፍረት ይቀንሳል።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 የታቀደው ሁለተኛውም የአእምሮ ሕክምና በጤና ጣቢያ እንዲሰጥ ደንግገዋል። ከቡታጅራና ከሶዶ የመጣው ማስረጃ ይህ የሚቻል እንደሆነ አስመስክሯል። ማስረጃው የተሰበሰበው ግን ተመራማሪ፣ ተቆጣጣሪና የተረጋገጠ መድኃኒት ባሉበት ነው። ሶዶ ላይ የተሞከረው እንደ እዣ ባሉ የምዕራብ ጉራጌ ወረዳዎች በመደበኛ በጀት እንዲሠራ የመድኃኒት ግዢ መስመር፣ በየሦስት ወሩ የሚመጣ ተቆጣጣሪ፣ ባለሙያው ቢያንስ ለጥቂት ዓመታት በአንድ ጤና ጣቢያ የሚቆይበት የቅጥር ደንብ ያስፈልጋሉ። ከሦስቱ ትልቁን ክርክር የሚጠይቀው የመጨረሻው ነው፤ ድባቴን ከጨጓራ ሕመም የሚለየው ትውውቅ ጊዜ ይፈልጋልና።