የካይሮ ወዳጆች የሚረዱት ማንን ነው?

ዶናልድ ትራምፕ በጃንዋሪ 2025 ወደ ዋይት ሐውስ በተመለሱ በቀናት ውስጥ፣ አሜሪካ ለውጭ አገሮች የምትሰጠው ርዳታ ባለበት እንዲቆም ታዘዘ። ክሊኒኮች ሥራ አቆሙ፤ በርዳታ የሚንቀሳቀሱ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን አሰናበቱ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማርኮ ሩቢዮ ባስተላለፉት ትእዛዝ ላይ ግን የጦር ርዳታቸው እንዳይነካ በስም የተጠቀሱ ሁለት አገሮች ነበሩ፤ እስራኤልና ግብፅ።

የእስራኤል መጠቀስ ማንንም አላስገረመም። ግብፅን ግን ምን ከእሷ ጎን አሰለፋት?

መልሱ ያለው ሲና በረሃ ውስጥ ነው። ኦክቶበር 6 ቀን 1973 የግብፅ ወታደሮች የስዊዝን ቦይ ተሻገሩ፤ እስራኤል በምሥራቁ ዳርቻ የከመረችውን የአሸዋ ግንብም በውኃ መርጫ ሞተር እየናዱ አለፉ። የጦርነቱ ፍጻሜ ለካይሮ እንደ አጀማመሩ አልቀናም። ፕሬዚዳንት አንዋር ሳዳት ግን ከስድስት ዓመት በፊት የተነጠቀውን ሲናን ለማስመለስ በሩ እንደተከፈተላቸውና የበሩ ቁልፍ ዋሽንግተን እንዳለ ተረድተው ነበር። በኖቬምበር 1977 ኢየሩሳሌም ሄደው በእስራኤል ምክር ቤት ንግግር አደረጉ። በማግስቱ ዓመት የካምፕ ዴቪድ ስምምነት፣ በማርች 1979 ደግሞ የሰላም ውሉ ተፈረመ። የዓረብ ሊግ ግብፅን አግዶ ዋና መሥሪያ ቤቱን ከካይሮ ወደ ቱኒስ አዛወረ። ሳዳትም በ1981 የዚያው ጦርነት መታሰቢያ በሚከበርበት ሰልፍ ላይ ከገዛ ሠራዊታቸው በወጡ ሰዎች ጥይት ወደቁ። ውሉ ግን አልወደቀም። በኤፕሪል 1982 የእስራኤል ጦር ከሲና ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አገሮች አልተዋጉም።

የአሜሪካ ገንዘብ የተከተለው ይህንን ሰላም ነው። ከ1987 ጀምሮ ለግብፅ ጦር የሚመደበው በዓመት 1.3 ቢሊዮን ዶላር ነው። አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ገንዘቡ የሚውለው የአሜሪካ ኩባንያዎች የሚሠሩትን የጦር መሣሪያ ለመግዛትና ለማደስ ስለሆነ፣ ከሞላ ጎደል ከአሜሪካ ሳይወጣ እዚያው ይቀራል። ኤፍ-16 ተዋጊ አውሮፕላኖችና አፓቺ ሄሊኮፕተሮች የተገዙት በዚህ መንገድ ነው፤ ኤብራምስ ታንክም ካይሮ አጠገብ ባለ ፋብሪካ ይገጣጠማል። በአንጻሩ የአሜሪካ የጦር መርከቦች በስዊዝ ቦይ ቅድሚያ አግኝተው ያልፋሉ፤ የጦር አውሮፕላኖቿም የግብፅን ሰማይ ያቋርጣሉ። ሁለቱም መንግሥታት የሚፈልጉትን ያገኛሉ። በዚህ ውል ውስጥ ድምፅ የሌለው ተራው ግብፃዊ ነው።

የ2013ቱን ክረምት ያስታወሰ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። በነጻ ምርጫ ሥልጣን የያዙት የሙስሊም ወንድማማቾች ሰው መሐመድ ሙርሲ አንድ ዓመት ገዝተው፣ ሕዝብ በብዛት አደባባይ ወጥቶባቸው፣ ጁላይ 3 ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት በሆኑት በጄኔራል አብደልፋታህ አልሲሲ ተነሡ። ኦገስት 14 ቀን የጸጥታ ኃይሎች በካይሮ ራቢያ አልአደዊያ አደባባይ የተቀመጡትን የሙርሲ ደጋፊዎች በጥይት በተኑ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በዚያ አንድ አደባባይ ብቻ ቢያንስ 817 ሰዎች እንደተገደሉ አረጋግጧል። የአሜሪካ ሕግ የተመረጠ መንግሥት በጦር ኃይል ሲገለበጥ ርዳታ ይቋረጥ ይላል። የባራክ ኦባማ አስተዳደር ከዚህ ሕግ ለማምለጥ የተፈጸመው መፈንቅለ መንግሥት ይሁን አይሁን ላለመወሰን ወሰነ። አውሮፕላኖቹንና የታንክ ዕቃዎቹን ለጥቂት ጊዜ ይዞ በማርች 2015 ለቀቀ። ለሟች ቤተሰቦች ከዚህ የበለጠ መራር መልእክት ማሰብ ይከብዳል።

ይህ ርዳታ የአሜሪካንንም ፖለቲካ አበላሽቷል። የሴኔቱ የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት ቦብ ሜኔንዴዝ የወርቅ ጡቦችና ጥሬ ገንዘብ በጉቦ በመቀበልና ለግብፅ መንግሥት ወኪል ሆነው በመሥራት በ2024 ጥፋተኛ ተባሉ፤ በማግስቱ ዓመት 11 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ለግብፅ የሚሰጥን የጦር ርዳታ የማገድ ሥልጣን በእጃቸው ከነበረ ጥቂት ሰዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ።

ካይሮ ግን በአንድ ወዳጅ ላይ ብቻ ተደግፋ አታውቅም። የሳዳት ቀዳሚ ገማል አብደልናስር ምዕራባውያን መሣሪያ ሲነፍጓቸው በ1955 ወደ ሶቪየት ጎራ ዞሩ፤ አሜሪካ ለአስዋን ግድብ ልትሰጥ ያሰበችውን ገንዘብ ስትከለክልም ግድቡን በሞስኮ ርዳታ ሠሩ። ሳዳት በተራቸው በ1972 የሶቪየት የጦር አማካሪዎችን አባረሩ። አልሲሲም የሄዱት በዚያው መንገድ ነው። ሙርሲ በተነሡ በቀናት ውስጥ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና ኩዌት 12 ቢሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል ገቡ። ከፈረንሳይ በ2015 24፣ በ2021 ደግሞ 30 ራፋል ተዋጊ አውሮፕላኖች ታዘዙ። ሩሲያ በሜዲትራኒያን ዳርቻ ኤል ዳባ ላይ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ እየገነባች ነው።

የወዳጅነት ዋጋ አንዳንዴ በመሬት ይከፈላል። በ2016 መንግሥት በቀይ ባሕር ያሉትን የቲራንና የሰናፊር ደሴቶች ለሳዑዲ ለማስረከብ ሲስማማ ሰልፈኞች ወጡ፣ ብዙዎችም ታሰሩ። ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ስምምነቱ ዋጋ የለውም ብሎ ቢወስንም፣ በ2017 ፓርላማው አጸደቀው፤ አልሲሲም ፈረሙበት።

በጸጥታው በኩል ደግሞ ለሕዝብ ያልተነገረ ብዙ ነገር አለ። በሰሜን ሲና የሸመቀው ታጣቂ ቡድን በ2014 ራሱን የእስላማዊ መንግሥት ቅርንጫፍ ብሎ አወጀ። በማግስቱ ዓመት ከሻርም አልሼክ የተነሣ የሩሲያ አውሮፕላን አየር ላይ ፈንድቶ 224 ሰዎች አለቁ። በኖቬምበር 2017 አል ራውዳ መስጊድ ውስጥ ለጁምዓ ሶላት የተሰበሰቡ ከ300 በላይ ምእመናን ተጨፈጨፉ። የሰላም ውሉ ግብፅ በእስራኤል ድንበር አካባቢ ከባድ ጦር እንዳታሰፍር ስለሚከለክል፣ ካይሮ እዚያ ታንክና ወታደር ያስገባችው በእስራኤል ፈቃድ ነው። አልሲሲ ለአሜሪካው ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ትብብሩ ከመቼውም የጠበቀ መሆኑን ነገሩት፤ መንግሥታቸው ግን ቃለ መጠይቁ እንዳይተላለፍ ጠየቀ። ጣቢያው በጃንዋሪ 2019 አስተላለፈው።

የጋዛ ጦርነት ይህን ሁሉ ፈተነ። ትራምፕ በ2025 መጀመሪያ የጋዛ ነዋሪዎች ወደ ግብፅና ዮርዳኖስ ይወሰዱ ሲሉ ካይሮ በግልጽ እምቢ አለች። በማርች ወር የዓረብ መሪዎችን ሰብስባ፣ ሕዝቡ ሳይፈናቀል ጋዛ በ53 ቢሊዮን ዶላር እንደገና የምትገነባበትን ዕቅድ አስጸደቀች። ይህ አቋም ተገቢ ነበር፤ ከግብፃውያን ስሜት ጋርም የገጠመ ነበር። ለጋዛ ሰልፍ የወጡ ወጣቶች ግን በዚያው ሰሞን ይታሰሩ ነበር።

ኢትዮጵያውያን ይህን ፖለቲካ ከሩቅ ብቻ አያዩትም። ጁን 26 ቀን 1995 ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ የመጡት የግብፅ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ከቦሌ ሲወጡ በታጣቂዎች ተተኮሰባቸው፤ ጥይት በማይበሳው መኪናቸው ተርፈው ወዲያው ወደ ካይሮ ተመለሱ። በዓባይ ጉዳይም ካይሮ ወዳጆቿን በሙሉ ሞክራለች። አሜሪካ በ2020 ለኢትዮጵያ ከምትሰጠው ርዳታ ከፊሉን አገደች፣ ትራምፕም ኢትዮጵያ በዓባይ ላይ የምትሠራውን ግድብ ግብፅ ልታፈነዳው እንደምትችል ተናገሩ። ግድቡ ግን ሴፕቴምበር 9 ቀን 2025 ተመረቀ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ካይሮ ከሶማሊያ ጋር የጦር ስምምነት ፈርማ መሣሪያ ወደ ሞቃዲሾ ልካ ነበር። ከውኃው ጉዳይ ይልቅ የኃይል ሚዛን ያስጨነቀው እርምጃ ነበር፤ ለቀጣናው የሚበጅ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ወዳጅነት የግብፃዊውን ኑሮ አልደገፈም። የየመን የሁቲ ታጣቂዎች በቀይ ባሕር መርከቦችን ማጥቃት ሲጀምሩ የስዊዝ ቦይ ገቢ ከግማሽ በታች ወረደ፤ የውጭ ዕዳውም ተከመረ። በ2024 መጀመሪያ አቡዳቢ ራስ አል ሂክማ የተባለውን የባሕር ዳርቻ ለማልማት በ35 ቢሊዮን ዶላር ተዋዋለች። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ብድሩን ከ3 ወደ 8 ቢሊዮን ዶላር አሳደገ፣ የአውሮፓ ኅብረትም 7.4 ቢሊዮን ዩሮ መደበ። ሁሉም የፈሩት ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ብትናወጥ የሚመጣውን ስደትና ቀውስ ነው። የብድሩ ግዴታ ግን የወረደው ገበያ ላይ ነው። በማርች ወር አንድ ዶላር ከ31 የግብፅ ፓውንድ ወደ 50 ገደማ ዘለለ።

ነዳጅ ማደያና የውኃ ፋብሪካ ሳይቀር የሚያስተዳድረው ጦር ኃይል በበኩሉ በጀቱን ለፓርላማ የሚያቀርበው በአንድ ድምር ቁጥር ነው፤ ዝርዝሩን የሚያየው ጄኔራሎች የሚበዙበት የመከላከያ ምክር ቤት ነው። ለ2023ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ የተነሡት ተቃዋሚ አህመድ ጣንጣዊ የድጋፍ ፊርማ እንዳያሰባስቡ ተከለከልን ብለው ከውድድሩ ወጡ፤ በማግስቱ ዓመት ታሰሩ። አልሲሲ በ89.6 በመቶ አሸነፉ።

ሳዳት በጃንዋሪ 1977 የዳቦና የመሠረታዊ ሸቀጦችን ድጎማ ለመቀነስ ሲሞክሩ ከእስክንድርያ እስከ አስዋን ሕዝቡ ተነሣ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ውሳኔያቸውን ሰረዙ። ከዚያ በኋላ የድጎማው ዳቦ ለማንም መሪ የሚያስፈራ ጉዳይ ሆኖ ኖረ፤ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም ዋጋው 5 ፒያስተር ነበር። በጁን 2024 ወደ 20 ፒያስተር ከፍ ተደረገ። በዚህ ጊዜ አደባባይ የወጣ ሰው አልነበረም።