የአልትራሳውንድ ምስል ነጠብጣብ ከየት ይመጣል?

ንፋስ ስልክ የሚለው ስም ያለ ሽቦ በሞገድ የሚጓዝን መልእክት ያስታውሳል። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማም ሆነ በሌላ ስፍራ፣ የአልትራሳውንድ ምስል የሚገኘውም ከሞገድ ነው።

ሁለት ሞገዶች ሲደራረቡ ከፍታ ከከፍታ ቢገጥም ይበረታሉ፤ ከፍታ ከዝቅታ ቢገጥም ይጠፋፋሉ። ይህ ኢንተርፈረንስ ጸንቶ የሚታየው አንዱ ሞገድ ከሌላው የሚቀድምበት መጠን ሳይለዋወጥ ሲቆይ ነው፤ ይህም ኮሄረንስ ይባላል። የሁለት አምፖሎች ብርሃን ይህ ስለሌለው ይደመራል እንጂ አይጠፋፋም።

በ3.5 ሜጋኸርዝ የአልትራሳውንድ ሞገድ ርዝመት በሰውነት ውስጥ 0.44 ሚሊሜትር ያህል ነው። ከዚህ ባነሱ የጉበት ቅንጣቶች ተበትነው የሚመለሱት ማሚቶዎች ኮሄረንስ ስላላቸው እየተደጋገፉና እየተጠፋፉ ነጠብጣብ ይፈጥራሉ። ስለዚህ ነጠብጣብ ሁሉ የበሽታ ምልክት አይደለም፤ ፕሮቡን በሌላ ማዕዘን ይዞ ደግሞ ማየት ይገባል። ነጠብጣቡ ይለዋወጣል፤ እውነተኛው እብጠት ግን ባለበት ይገኛል።